14 ናኖግራም በሊትር፦ የሞለኪውል አሻራ ሴንሰሮች ለልብ ምርመራ የት ደርሰዋል?

ደረቱን እያመመው ድንገተኛ ክፍል ለደረሰ ሰው በቅድሚያ የሚሠራለት ኢሲጂ ነው። ኢሲጂው የልብ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን በግልጽ ካሳየ የደም ምርመራ ውጤት አይጠበቅም፤ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። ችግሩ ብዙ ሃርት አታክ በኢሲጂ ላይ እንዲህ ጎልቶ አለመታየቱ ነው። ያኔ ውሳኔው የሚያርፈው በደም ምርመራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትሮፖኒን በሚባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ መኮማተርን ይቆጣጠራል፤ የጡንቻው ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም ይፈስሳል።

በ2018 የወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ የሃርት አታክ ትርጓሜ፣ ከሕመሙ ምልክቶች ጋር የትሮፖኒን መጠን ከጤናማ ሰዎች 99ኛ ፐርሰንታይል (ከ100 ጤናማ ሰዎች 99ኙ ከማያልፉት መጠን) በላይ መገኘቱንና በተከታታይ ናሙናዎች ላይ መውጣቱን ወይም መውረዱን ይጠይቃል። እጅግ ጥቃቅን መጠን በሚለዩት ዘመናዊ መሣሪያዎች፣ ቲ፣ አይና ሲ ከሚባሉት ሦስቱ የትሮፖኒን ክፍሎች ለትሮፖኒን ቲ ይህ ድንበር በሊትር 14 ናኖግራም ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረው የአንድ ሰዓት አካሄድ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። የመጀመሪያው ናሙና ከ12 በታች ሆኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ የታየው ለውጥ ከ3 ናኖግራም ካነሰ ሃርት አታክ አይደለም ይባላል፤ ለውጡ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመምተኛው ተኝቶ እንዲታከም ይደረጋል። ሰውየው ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ አልጋ ይያዝ የሚለው ጥያቄ በጥቂት ናኖግራም ልዩነት ሊወሰን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ልዩነት የሚያነቡት ትላልቅ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ከትላልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ውጭ ትሮፖኒን ሲገኝ በአብዛኛው የሚገኘው መስመር በሚያወጣ ፈጣን ካሴት ነው። ከእነዚህ ካሴቶች ብዙዎቹ መስመር የሚያወጡት ትሮፖኒን አይ በሊትር 500 ናኖግራም ገደማ ሲደርስ ነው። በአንድ በስፋት በሚሠራበት የላቦራቶሪ መሣሪያ የትሮፖኒን አይ ድንበር ወደ 26 ናኖግራም ስለሆነ፣ ካሴቱ የሚነቃው ድንበሩ 19 ጊዜ ያህል ከታለፈ በኋላ ነው። ሕመሙ በጀመረ በሁለተኛው ሰዓት የመጣን ሰው ካሴቱ «የለብህም» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል።

ይህን ክፍተት ይሞላሉ ተብለው ከሚጠበቁት መካከል የሞለኪውል አሻራ ሴንሰሮች ይገኙበታል፤ እነዚህ የፕሮቲኑ ቅርጽ በፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ላይ የታተመባቸውና ያንኑ ፕሮቲን ከደም ለይተው የሚይዙ መለኪያዎች ናቸው። በየዓመቱ ስለ እነርሱ ብዙ ጥናት ይወጣል፤ ከ1 ናኖግራም በታች ለይተናል የሚሉትም ጥቂት አይደሉም። ሆኖም በሆስፒታል ላቦራቶሪ የዕለት ተዕለት ሥራ ውስጥ የገባ የልብ ምርመራ እስካሁን ከዚህ ዘርፍ አልወጣም። ምክንያቱ፣ በእኛ ግምገማ፣ ፖሊመሩ ትሮፖኒንን መያዝ ስላቃተው አይደለም። ጥናቶቹ የሚፎካከሩበት ቁጥር ሐኪሙ የሚፈልገው ቁጥር ስላልሆነ ነው።

አሻራው እንዴት ይወጣል?

አሠራሩን ለመረዳት የወርቅ አንጥረኛን ሥራ ማሰብ ይበቃል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ያግለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ቅርጹን የያዘ ባዶ ቦታ ይቀራል። እዚህ ሰሙ ፕሮቲኑ፣ ጭቃው ፖሊመሩ ነው፤ ወደ ባዶው ቦታ የሚገባው ግን ወርቅ ሳይሆን ከሕመምተኛው ደም የመጣ ያው ፕሮቲን ነው። የሚቀረውም ቅርጽ ብቻ አይደለም። ከፕሮቲኑ ጋር በሃይድሮጅን ቦንድና በቻርጅ የሚሳሳቡት ኬሚካላዊ ቡድኖች በጎድጓዳው ግድግዳ ላይ በየቦታቸው ተደርድረው ይቀራሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ጉንተር ቩልፍ በ1972 አሻራ ያለው ፖሊመር ሠርቷል። በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የክላውስ ሞስባክ ቡድን ደግሞ በ1993 ቴኦፊሊንና ዳያዜፓም የተባሉትን መድኃኒቶች በሰው ሴረም (ደም ሲረጋ በሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ ያለ አንቲቦዲ መለካት እንደሚቻል አሳየ። እነዚያ ግን ትናንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። ትሮፖኒን ቲ ከቴኦፊሊን 200 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ግዙፍ ፕሮቲን ጥቅጥቅ ካለ ፖሊመር ውስጥ በቀላሉ አይወጣም፤ ለትናንሾቹ የሚመቹት ኦርጋኒክ ፈሳሾች ደግሞ የፕሮቲኑን እጥፋት ያበላሹታል። ስለዚህ ለፕሮቲን የሚመረጠው በውኃ ውስጥ የሚሠራና በኤሌክትሮድ ገጽ ላይ ብቻ የሚያርፍ እጅግ ስስ ሽፋን ነው።

አንድ የተለመደ አሠራር በቅርበት እንመልከት። በሕትመት የተሠራ የወርቅ ኤሌክትሮድ በ0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቮልቴጁን እያመላለሱ ይጸዳል፤ ተከታታይ ዙሮች አንዱ በሌላው ላይ እስኪያርፉ ድረስ ማጽዳቱ አይቆምም። ቀጥሎ አሻራው የሚወሰድለት ፕሮቲን፣ ወይም ጫፉ ላይ ሲስቲን (ከወርቅ ጋር የሚጣበቅ አሚኖ አሲድ) ያለው አጭር የፕሮቲኑ ቁራጭ፣ በወርቁ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሚሊሞላር ኦርቶ-ፌኒሊንዳያሚን (ፖሊመሩ የሚሠራበት ሞኖመር) በአሲቴት ባፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ፈሳሽ)፣ ፒኤች 5.2 አካባቢ፣ ይጨመርና ቮልቴጁ ከ0 እስከ 0.8 ቮልት በሰከንድ 50 ሚሊቮልት ፍጥነት ከ10 እስከ 20 ዙር ይመላለሳል። በመጀመሪያው ዙር በከረንቱ ግራፍ ላይ ከፍ ያለ ጉብታ ይታያል፤ በሁለተኛው በጣም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ እየተኛ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ፖሊመሩ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ራሱን በራሱ ስለሚገታ ነው፤ ሽፋኑ ጥቂት ናኖሜትር ላይ ይቆማል። ጉብታው በሁለተኛው ዙር ካልወረደ ወርቁ አልተሸፈነም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኤሌክትሮዱ ቆሻሻ ወይም አየር ላይ ቆይቶ የጠቆረ ሞኖመር ነው፤ ነጣ ያለው ዱቄት ወደ ቡናማ ከተለወጠ መጠቀም አይገባም።

የሽፋኑ ውፍረት ሁሉንም ይወስናል። ከፕሮቲኑ ቁመት ከበለጠ ፕሮቲኑ ተቀብሮ ይቀራል፣ አይወጣም። ከሳሳ ደግሞ ጎድጓዳው ጥልቀት ስለሌለው ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል።

ፕሮቲኑን ማስወጣት ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ደረጃ ነው። ሙሉ ፕሮቲን ከሆነ 0.5 ሞላር ኦክሳሊክ አሲድ ወይም ፕሮቲን የሚቆራርጠው ፕሮቲኔዝ ኬ ለሰዓታት ይቀመጥበታል፤ በሲስቲን ወርቁ ላይ የተያያዘ ቁራጭ ከሆነ የቮልቴጅ ምት ቦንዱን ይበጥሰዋል። መውጣቱ የሚረጋገጠው 5 ሚሊሞላር ፌሪሳያናይድና ፌሮሳያናይድ በ0.1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አድርጎ ከረንቱን በመለካት ነው፤ ጎድጓዳዎቹ ሲከፈቱ ፈሳሹ ወርቁን ስለሚያገኝ ከረንቱ ይጨምራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከረንቱ ወደ ባዶ ወርቅ መጠን ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ደስ የሚል ውጤት አይደለም፤ ፖሊመሩ ተላጥቷል ማለት ነው። ያለ ፕሮቲን የተሠራው መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮድም በዚያው ማጠቢያ ከረንቱ ከጨመረ፣ አሲዱ ፕሮቲን ማውጣቱን ትቶ ሽፋኑን እየበላ ነው። ይህን የመቆጣጠሪያ መለኪያ ያላሳየ ጥናት ስለ አሻራ የሚናገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ማንበብ ተገቢ ነው።

በደም ውስጥ ያለው ትሮፖኒን በጠርሙስ እንደሚሸጠው አይደለም

አሻራ የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ ለምርምር ተብሎ በባክቴሪያ ከተመረተ ነጠላ ትሮፖኒን አይ ነው። በሕመምተኛ ደም ውስጥ ግን ትሮፖኒን አይ በአመዛኙ ከትሮፖኒን ሲ ጋር ተጣምሮ፣ አንዳንዴም ከትሮፖኒን ቲ ጭምር ተያይዞ ይገኛል። ሁለቱ ጫፎቹ በኢንዛይም ይቆረጣሉ፤ ፎስፌት የተለጠፈበትም አለ። ለነጠላው ፕሮቲን ልክ የሆነ ጎድጓዳ ለጥንዱ ላይበቃ ይችላል። በአንጻሩ ከ30ኛው እስከ 110ኛው አሚኖ አሲድ ያለው መካከለኛ ክፍል በትሮፖኒን ሲ ስለሚጠበቅ ብዙም አይቆረጥም። አሻራን ከሙሉው ፕሮቲን ይልቅ ከአጭር ቁራጭ መውሰድ የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁራጩ ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ የትኛው ክፍል እንደሚያዝ አስቀድሞ ይታወቃል። ታዲያ ቁራጩ በጥንዱ ውስጥ ከውጭ በኩል የሚታይ ካልሆነ ጎድጓዳው የሚይዘው አያገኝም።

ደሙ የተቀዳበት ቱቦም ለውጥ ያመጣል። ደሙ እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ ከሚጨመሩት አንዱ የሆነው ኢዲቲኤ ካልሲየምን ስለሚይዝ ጥንዱን ያላላዋል፤ ሌላው ሄፓሪን ደግሞ ከትሮፖኒን ጋር ስለሚጣበቅ ንባቡን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። በአንዱ ቱቦ ደም የተስተካከለ ሴንሰር በሌላው ቱቦ ሌላ ቁጥር ቢያወጣ ሊገርም አይገባም።

ትንሹ ቁጥር ለምን አይበቃም?

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የዘርፉ ጥናቶች ማጠቃለያ ላይ የሚጎላው መለየት የተቻለው ትንሹ መጠን ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው የባዶ ናሙና መዋዠቅን በ3.3 አባዝቶ ለግራፉ ተዳፋት በማካፈል ነው፤ በንጹሕ ባፈር ውስጥ ባዶ ናሙና ስለማይዋዥቅ ቁጥሩ ያለ ብዙ ድካም ያንሳል። በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በ14 ናኖግራም ላይ ደጋግመን ብንለካ ቁጥሩ ምን ያህል ይለዋወጣል? ለዘመናዊ ትሮፖኒን ምርመራ የተቀመጠው መስፈርት በ99ኛው ፐርሰንታይል ላይ መለዋወጡ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው።

በኤሌክትሮኬሚካል አሻራ ሴንሰሮች የተለመደው ግራፍ የአግድም መስመሩ ሎጋሪዝም ነው፤ መጠኑ 10 እጥፍ በጨመረ ቁጥር ከረንቱ በተወሰነ መጠን ይወርዳል። በየ10 እጥፉ 10 በመቶ የሚወርድ ሴንሰር እንውሰድ። ከ14 ወደ 19 ናኖግራም የሚደረገው ወሳኝ ለውጥ በሎጋሪዝም 0.13 ነው፤ ስለዚህ ከረንቱ የሚለወጠው በ1.3 በመቶ ብቻ ነው። የ10 በመቶውን መስፈርት ለማሟላት ደግሞ ከረንቱን በ0.4 በመቶ ትክክለኛነት ማንበብ ያስፈልጋል። በእጅ የተዘጋጁ ኤሌክትሮዶች ግን እርስ በርስ 5 በመቶ ቢለያዩ እንኳ ጥሩ ሥራ ይባላል። በዚህ ግራፍ የ5 በመቶ ስሕተት ግማሽ ሎጋሪዝም ነው፤ እውነተኛው 14 ናኖግራም 4.4 ወይም 44 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በአንደኛው ንባብ ሰውየው ይሰናበታል፣ በሌላኛው ደም ማቅጠኛ ይጀመርለታል። ከ0.001 እስከ 100 ናኖግራም በሚሊሊትር ቀጥ ብሎ የተሰመረ ግራፍ ሰፊ መስሎ ያስደስታል፤ ስፋቱ የተገኘው ግን ሐኪሙ የሚፈልገውን ልዩነት በማጥበብ ነው።

ሁለተኛው ችግር በደም ፈሳሽ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ ነው። በአንድ ሊትር ሴረም ውስጥ ወደ 40 ግራም አልቡሚን አለ። ከ14 ናኖግራም ትሮፖኒን ጋር ሲነጻጸር በክብደት 3 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ከረንቱ የሚወርደው ማንኛውም ነገር ወደ ወርቁ የሚወስደውን መንገድ ሲዘጋ ስለሆነ፣ ሴንሰሩ ጎድጓዳውን የሞላውን ትሮፖኒንና ፖሊመሩ ላይ የተለጠፈውን አልቡሚን በራሱ አይለይም። ያለ አሻራ የተሠራውን ኤሌክትሮድ ንባብ መቀነስ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎድጓዳ የሌለው ገጽ ሸካራነቱና የገጽ ስፋቱ ስለሚለይ አልቡሚን የሚለጠፍበትም መጠን ይለያል። ብዙዎች ሴረሙን 100 ጊዜ ያቀጥኑታል። ያኔ 14 ናኖግራሙ 0.14 ይሆናል፤ ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። 10 ማይክሮሊትር ናሙና 3 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ኤሌክትሮድ ላይ ሲያርፍ አማካይ ቁመቱ 1.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። በ14 ናኖግራም መጠን በጠብታው ውስጥ ወደ 2.3 ሚሊዮን የትሮፖኒን ቲ ሞለኪውሎች አሉ። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህን የሚያክል ፕሮቲን በራሱ እንቅስቃሴ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚጓዘው ወደ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከጠብታው አናት ወደ ኤሌክትሮዱ ለመድረስ ከ3 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ናሙናው ካልተማሰለ ወይም ካልፈሰሰ የ15 ደቂቃ ምርመራ አብዛኛውን ትሮፖኒን ሳያገኘው ያልቃል። ጠብታው ክፍት ከተተወም ይተንናል፤ ፕሮቲኑና ጨዉ እየጠነከሩ ንባቡ ያለ ምክንያት ይወጣል። ቢያንስ እርጥበት ባለው ክዳን ሥር መቀመጥ አለበት።

እነዚህን ችግሮች የሚያቃልሉ መንገዶች አሉ። ተስፋ የምንጥልበት በእንግሊዝ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሰርጌይ ፒሌትስኪና ባልደረቦቹ ያዳበሩት የናኖ ቅንጣት ዘዴ ነው። የፕሮቲኑ ቁራጭ በትናንሽ የብርጭቆ ዶቃዎች ላይ ይታሰርና ፖሊመሩ በዙሪያው በቅንጣት መልክ እንዲያድግ ይደረጋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ማጠቢያ ያልተጠቀሙ ሞኖመሮችና በደንብ ያልያዙ ቅንጣቶች ይወገዳሉ፤ ከዚያ ውኃው ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ አጥብቀው የያዙት ብቻ ይለቀቃሉ። በዚህ መንገድ ደካማው ከጠንካራው አስቀድሞ ተለይቷል፤ ቁራጩም ብርጭቆው ላይ ስለሚቀር ለሚቀጥለው ዙር ያገለግላል፣ ፖሊመሩ ውስጥም ተቀብሮ አይቀርም። ትልቁ ጥቅም ግን አንድ ጊዜ የተመረተው ለብዙ ኤሌክትሮዶች መዳረሱ ነው። በየኤሌክትሮዱ ላይ ለየብቻ አሻራ ማሳደግ የሚያመጣው የ5 በመቶ ልዩነት የሚጠበው በዚህ ነው። ከዚህ ጋር እያንዳንዱን ኤሌክትሮድ ከናሙናው በፊትና በኋላ ለክቶ ከራሱ ጋር ማነጻጸር፣ በአሻራው ዙሪያ አልቡሚን የማይለጠፍበት ሽፋን ማድረግ፣ ትሮፖኒኑን ከደሙ በማግኔት ቅንጣት ለቅሞ ወደ ኤሌክትሮዱ ማምጣትም ይረዳል።

ቅዝቃዜ፣ ባዮቲን፣ እና ከየት መጀመር እንደሚገባ

ለእነዚህ ሴንሰሮች ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች አንዱ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም የሚለው ነው። ፖሊመሩን በተመለከተ እውነት ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ከሚገባው የትልቅ መሣሪያ ሬኤጀንት ጋር ሲወዳደር ለሞቃታማ ቆላ አካባቢዎች ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን የደረቁ የአንቲቦዲ ካሴቶችም ብዙዎቹ እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጣሉ። በሌላ በኩል በአሻራ ሴንሰሩ ጥቅል ውስጥ ያሉት ሌሎች ነገሮች ሙቀትና ብርሃን ይጎዳቸዋል፦ የብርና ብር ክሎራይዱ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ ይጠቁራል፣ ስሱ ሽፋን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የፌሪሳያናይዱ ድብልቅ በብርሃን ይበላሻል፤ ከእርሱ የሚለቀቀው ሳያናይድ ደግሞ ወርቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ በሙቀት የሚፈተነው ፖሊመሩ ብቻውን ሳይሆን ሙሉው ጥቅል መሆን አለበት።

ይበልጥ አሳማኝ የሆነው ጥቅም ባዮቲን ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በብዛት የሚዋጠው ይህ ቪታሚን፣ ባዮቲንንና ከእርሱ ጋር አጥብቆ የሚጣበቀውን ስትሬፕታቪዲን የተባለ ፕሮቲን የሚጠቀሙ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን ያሳስታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2017 ትሮፖኒን በሐሰት ዝቅ ብሎ ከተነበበበት አንድ ሞት ጋር በተያያዘ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የአሻራ ፖሊመር ይህን ጥንድ ስለማይጠቀም በዚህ አይሳሳትም።

ለእኛ ግን ትልቁ ጥያቄ ዘርፉ ለምን ከሁሉ ከባድ በሆነው ፕሮቲን ላይ ተረባረበ የሚለው ነው። የልብ ድካም መለያ የሆነውን ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ እንመልከት። ድንገተኛ የልብ ድካም የለም ለማለት የሚያገለግለው ድንበር በሊትር 300 ናኖግራም ነው፤ 76 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ በቁጥር ሲሰላ ከትሮፖኒን ቲ ድንበር 90 እጥፍ ያህል ሞለኪውሎች ይገኛሉ። በልብ ድካም የተያዘ ሰው ላይ መጠኑ ወደ ሺዎች ስለሚዘልቅ የሎጋሪዝም ግራፍ እዚህ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ የ1 ሰዓት ለውጥ መቁጠርም የለም። የሩማቲክ የልብ ሕመምና የደም ግፊት ብዙዎችን ለልብ ድካም በሚዳርጉበት በኢትዮጵያ፣ ትንፋሽ አጥሮት ጤና ጣቢያ የመጣን ሰው ሳንባው ነው ወይስ ልቡ ብሎ የሚለይ ርካሽ ምርመራ ከትሮፖኒን ባላነሰ ያስፈልጋል። ጥንቃቄ የሚሹት የዕድሜ፣ የኩላሊትና የውፍረት ተጽዕኖዎች ናቸው፤ የፕሮቲኑ መካከለኛ ክፍልም የስኳር ሞለኪውሎች ስለሚለጠፉበት አሻራው ከጫፉ ቢወሰድ ይሻላል።

ኤሌክትሮዱ፣ ሞኖመሩና ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው አነስተኛ መሣሪያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል አቅም ይገኛሉ። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ሥራ ነው። የምርመራ መሣሪያን ተደጋጋሚነት ለመፈተን በላቦራቶሪዎች የተለመደው አካሄድ አንድን ናሙና ለ20 ቀን፣ በቀን በ2 ዙር፣ በየዙሩ 2 ጊዜ መለካት ነው፤ 80 ንባብ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተለክቶ ለሚጣል ሴንሰር ይህ ለአንድ መጠን ብቻ 80 ኤሌክትሮድ ይጠይቃል፤ ኤሌክትሮዶቹም ከአንድ ቀን ምርት ሳይሆን ከተለያዩ ምርቶች መወሰድ አለባቸው። ከዚያ የሕመምተኞች ናሙና፣ ፕሮቲን የተጨመረበት ባፈር ሳይሆን፣ ከሆስፒታሉ መሣሪያ ጋር ጎን ለጎን ይለካል፤ በተለይም ከድንበሩ ጥቂት በታችና ጥቂት በላይ ያሉት በርከት ብለው መገኘት አለባቸው። አንድ ጥናት በሦስት ኤሌክትሮድ የተገኘ አማካይ ይዞ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር የቀሩት 77ቱ የት አሉ የሚለው ነው።